ከሄደ ሰው ልብስ የመታሰቢያ ብርድ ልብስ አሰራር፣ ከቁም ሳጥኑ እስከ መጨረሻው ስፌት

አባቴ ካረፈ በኋላ ልብሶቹ ሁለት አመት ሙሉ ቁም ሳጥን ውስጥ እንደተሰቀሉ ቀሩ፣ የሚለብሳቸው የለም፣ የሚሰጣቸውም የለም፣ ተሳስቶ የከፈተው ሰው እንኳን ቶሎ ብሎ ነው የሚዘጋው። በመጨረሻ ከሸሚዞቹና ከአንድ ሁለት ሱሪዎቹ ብርድ ልብስ ሰራሁ፣ ከዛ ደግሞ ለጓደኛዬ ከእህቷ ቲሸርቶች ሌላ አንድ ሰራሁ፣ የመጀመሪያው ላይ ያበላሸሁትን ሁለተኛው ላይ ስላልደገምኩት እስኪ ለሌላ ሰው ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

ኩዊልት የሚባለው ነገር ነው። ቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ ፊቱን ይሰራል፣ መሀል ላይ ሙሊት ይገባል፣ ከስር ገበር ይሆናል፣ ከዛ ሶስቱ አንድ ላይ ይሰፋሉ፣ በቃ ይሄው ነው። ድሪቶ ነው እንዴ የምትሰሩት የሚል ሰው አይጠፋም፣ ይበል፣ ድሪቶም እኮ ያለን ጨርቅ ሳይጥሉ መጣጣፍ ነው።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። መስፋቱ አይደለም ከባዱ። የተሰፋ ይተረተራል፣ ጠማማ ከሆነ ፈታችሁ ትደግሙታላችሁ፣ የተቆረጠ ልብስ ግን ተመልሶ ሸሚዝ አይሆንም። ስለዚ ከጊዜያችሁ አብዛኛውን መቀስ ከማንሳታችሁ በፊት ባለው ስራ ላይ አጥፉት፣ እኔ ይሄን ሳላውቅ ነው የገባሁበት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ድፍረት መጣልኝና መቁረጥ ጀመርኩ፣ ከሰአት ታላቅ ወንድሜ መጥቶ «ያ ሰማያዊው ሸሚዝ የት ሄደ፣ እሱን እኔ ልወስደው ነበር» ሲለኝ ሸሚዙ በስምንት ቁራጭ ተከፋፍሎ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል። ምንም አላለኝም፣ ዝም ብሎ ነው ያየው፣ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚ መጀመሪያ ልብሱን በሙሉ አውጡና ድርሻ አለኝ የሚል ሰው ሁሉ ይይ፣ እናት፣ ልጆች፣ እህት ወንድም፣ የቅርብ ጓደኛም ቢሆን። እንዳለ የሚቀመጠውን ለዩ፣ የሚቆረጠውን ለዩ፣ ያልወሰናችሁበትን ደግሞ ለብቻው አስቀምጡና ለጊዜው አትንኩት። ከዛ የሚቆረጠውን እያንዳንዱን ልብስ ሳይቆረጥ ከፊትም ከጀርባም ፎቶ አንሱት፣ ሰውየው ለብሶት የተነሳው ፎቶ ካለም ፈልጉ፣ የቱ ክፍል ሳይጣል መቅረት እንዳለበት ብዙ ጊዜ የሚነግራችሁ እሱ ፎቶ ነው። መቸኮልም የለም፣ ሀዘኑ ገና ትኩስ ከሆነ አትጀምሩት፣ ልብስ በደንብ ታጥቦና ደርቆ ከተቀመጠ ለአመታት ይጠብቃችኋል።

ስለ ሽታው። ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም፣ ካጠባችሁት በኋላ ግን ትዝ ይላችኋል። ሁሉም ከመሰፋቱ በፊት መታጠብ አለበት፣ ላብና ቅባት ጨርቅ ይበላል፣ ብልም የሚወደው ያልታጠበ ሱፍ ነው፣ በዛ ላይ የሚያጥር ጨርቅ ካለ ከተሰፋ በኋላ ሳይሆን አሁኑኑ ይጠር። ግን አንድ ልብስ፣ ሻርፕም ይሁን የቤት ሹራብ፣ ሳታጥቡ አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ውስጥ አሽጉና አስቀምጡ። ሽታው ለዘላለም አይቆይም፣ ቢሆንም እናንተ አላጠፋችሁትም። ስታጥቡ ልብስ ማለስለሻ አታድርጉ፣ በኋላ የምንለጥፈው ጨርቅ አልጣበቅ ይላችኋል። ቀለም የሚለቅ ከመሰላችሁ፣ በተለይ ጥቁር፣ ቀይና አዲስ ጂንስ፣ ነጭ ጨርቅ አርጥባችሁ አሽት አሽት አድርጉበት፣ ነጩ ከቀለመ እስኪያቆም ደጋግማችሁ እጠቡት፣ እምቢ ካለ ተዉት፣ አንድ ቀይ ቁራጭ ሌላውን ሁሉ ሊያበላሽባችሁ ይችላል።

አሁን ጨርቅ መምረጥ። በጣም የሚመቸው የማይለጠጥ ኮተን ነው፣ ሸሚዝ፣ የቤት ቀሚስ፣ ፒጃማ። ለጀማሪ ከዚ የተሻለ የለም። ቲሸርትና ሹራብ ይለጠጣሉ፣ እንዳለ ከሰፋችሁት ይዋዥቃል፣ ስለዚ በአንድ በኩል ማጣበቂያ ያለው፣ በካውያ ሙቀት የሚለጠፍ ስስ ጨርቅ አለ፣ ልብስ ሰፊዎች ኮሌታ ለማጠንከር የሚጠቀሙበት አይነት፣ ከሱ ስሱንና ለስላሳውን ገዝታችሁ ከጀርባው ትለጥፋላችሁ። ክራባት ደግሞ በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ስለሆነ እሱም ይለጠጣል፣ ተርትራችሁ ውስጡ ያለውን ወፍራም ጨርቅ አውጡና ለጥፉበት። ጂንስ ይሆናል ግን ከባድ ነው፣ ብርድ ልብሱ በሙሉ ጂንስ ከሆነ ክብደቱ ሌላ ነገር ነው፣ እንደዛ ከሆነ ሙሊቱን ብትተዉትም ይሞቃል። የሚያንሸራትት ሳቲንና ሺፎን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አትታገሉ፣ የግድ ካስፈለገ ለጥፉበትና ትንሽ ቁራጭ ብቻ አስገቡ። ቆዳና ባለ ጨሌ ልብስ በቃ ይቅር፣ አይታጠብም፣ ሌላውንም ይቧጭራል።

ያረጀና የሳሳ ልብስስ? ብርሃን ላይ ያዙት፣ አሻግሮ የሚያሳያችሁ ከሆነ ከጀርባው ለጥፉበትና ተጠቀሙበት፣ እኔ እንደውም የሳሳውን ነው የምመርጠው። አሜሪካ አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የምትባል በኩዊልት ሰሪ ሴቶች የታወቀች መንደር አለች፣ እዛ ሚዙሪ ፔትዌይ የምትባል ሴት በ1942 ባሏ ሲሞትባት የስራ ልብሱን ሰብስባ ብርድ ልብስ ሰራችው፣ እየቀደደች የረዳቻት ልጇ ናት። የስራ ልብስ ነው እንግዲህ፣ ያረጀ፣ የለቀቀ፣ እሷ ግን ያንን ነው የፈለገችው፣ ሙዚየም የሚያሳየው ስራ ሆኖ ቀረ። የአባቴ ሸሚዝ ኪስ ስር የእስክሪብቶ ቀለም የፈሰሰበት ቦታ አለ፣ እናቴ ስንት ጊዜ አጥባው አልለቅ ያለ፣ እሱን መሀል ላይ ነው ያደረግኩት።

ስንት ልብስ ያስፈልጋል የሚለው በቁራጩ ሳይዝ ይወሰናል። ለሸሚዝ ከተሰፋ በኋላ 20 በ20 ሴንቲሜትር የሚሆን ካሬ ጥሩ ነው። ሰው የሚደርበው ልክ ወደ 120 በ160 ነው፣ ይሄ ማለት በወርድ 6 በቁመት 8፣ 48 ካሬ። ከአንድ የትልቅ ሰው ሸሚዝ ጀርባው 4፣ ፊቱና እጅጌው ተደምሮ ሌላ 4 ገደማ ይወጣል፣ ስለዚ ስድስት ሰባት ሸሚዝ ይበቃል። ቲሸርት ከሆነ ደረቱ ላይ ያለው ጽሁፍ ወይ ስዕል እንዳይቆረጥ ካሬውን 30 አድርጉት፣ 4 በ5፣ 20 ካሬ ይሆንና 120 በ150 ይወጣል፣ ፊትና ጀርባውን ከተጠቀማችሁ አስር ቲሸርት ማለት ነው። ልብሱ ካነሰ በየካሬው መሀል ሌላ ነጠላ ቀለም ያለው ኮተን በ6 ሴንቲ ወርድ እያስገባችሁ አስፉት፣ አይንም ያሳርፋል። አንድ ልብስ ብቻ ካላችሁ ደግሞ ብርድ ልብሱን ተዉትና ትራስ ስሩ፣ እውነት ነው የምላችሁ፣ ትራስ አቅፎ መተኛት ይቻላል።

ለስፌት የሚሄደውን አትርሱ። ኩዊልት የለመዱ ሰዎች ከጠርዙ 6 ሚሊሜትር ገባ ብለው ነው የሚሰፉት፣ ከተለበሰ ልብስ ጋር ግን እኔ ሙሉ 1 ሴንቲ እላለሁ፣ የሳሳ ጨርቅ በ6 ሚሊሜትር ቶሎ ይተረተራል። ስለዚ 20 የሚሆነው ካሬ 22 ሆኖ ይቆረጣል፣ 30 የሚሆነው 32። ከካርቶን ወይም ከዛ የተሻለ ከሚያሳይ ፕላስቲክ ልኩን ቆርጣችሁ አውጡ፣ ፕላስቲኩ ጥቅሙ ኪሱ ወይ ስዕሉ የት ጋር እንደሚወድቅ አስቀምጣችሁበት ታያላችሁ።

ሸሚዝ ስትቆርጡ መጀመሪያ በትናንሽ አትበሉት። በስፌቱ ጎን ጎን ሂዱና እጅጌውን አውልቁ፣ ጎኑን ክፈቱ፣ ኮሌታውን ለዩ፣ ጠፍጣፋ ሲሆን ተኩሱትና ያኔ ልኩን አስቀምጡበት። የጨርቁ ክር በሚሄድበት አቅጣጫ ቀጥ አድርጉት፣ በሰያፍ ከተቆረጠ በኋላ ይለጠጥባችኋል። ኪሱን አትንቀሉት፣ ከነኪሱ ቁረጡት፣ አፉም ክፍት ይሁን፣ ልጆች ወረቀት ይጨምሩበታል። ቁልፍ ያለበትን የፊት ክፍል ከፈለጋችሁ (እኔ እሱን ነው የምወደው) ቁልፎቹን ዝጉ፣ እንዳይከፈት በጠርዙ ላይ ስፉት፣ ከዛ ቁረጡት፣ ግን ቁልፉ ከሚቆረጠው ጠርዝ ቢያንስ 2 ሴንቲ ይራቅ፣ አለዚያ የማሽኑ መርፌ ቁልፍ ላይ ያርፍና ይሰበራል፣ ስብርባሪው ደግሞ ወደ አይን ነው የሚሄደው።

ቲሸርት ላይ ቅደም ተከተሉ ይለያል። መጀመሪያ ከልኩ ሰፋ አድርጋችሁ በግምት ቁረጡ፣ ወደ 38 በሉት፣ ከዛ ከጀርባው የሚለጠፈውን ለጥፉ፣ ሲቀዘቅዝ ነው በትክክል 32 አድርጋችሁ የምትቆርጡት። ገልብጣችሁ መጀመሪያ ልኩን ከቆረጣችሁ እየለጠፋችሁ ይለጠጥና ካሬው ካሬ አይሆንም። ስትለጥፉ ካውያውን እንደ መተኮስ አታንሸራቱት፣ አስቀምጡ፣ ተጫኑ፣ አንሱ፣ ወደሚቀጥለው። ስንት ሰከንድና ምን ያህል ሙቀት የሚለው ማሸጊያው ላይ አለ፣ እሱን ተከተሉ። ስዕሉ ያለበትን ፊት ደግሞ በጭራሽ በቀጥታ አትንኩት፣ ይቀልጣል። እኔ ያቀለጥኩት ቲሸርት ሳይሆን የአባቴን የፖሊስተር ሱሪ ነው፣ ኮተን መስሎኝ ካውያውን እንዳለ ሳስቀምጠው ተጣብቆ ቀረ። ከዛ ወዲህ ምንም ይሁን ምን መጀመሪያ ከሚጣለው ጥግ ላይ እሞክራለሁ፣ በላዩ ላይም ስስ የኮተን ጨርቅ ጣል አደርጋለሁ።

የተቆረጠውን ሁሉ ወለል ወይ ትልቅ አልጋ ላይ ደርድሩት። አንድ አይነት ልብስ ጎን ለጎን እንዳይሆን፣ ጥቁሩ ሁሉ አንድ ጥግ እንዳይሰበሰብ። ጥሩ ዘዴ ልንገራችሁ፣ በሞባይል ፎቶ አንሱትና ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት፣ የቱ ጋር እንደጨለመና የቱ ጋር እንደፈዘዘ ወዲያው ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ በቀለም ስታዩት አይታያችሁም። ቀያይሩ፣ አንሱ፣ ቀያይሩ፣ ከተቻለ አንድ ሁለት ቀን ተዉትና እያለፋችሁ እዩት። ከወሰናችሁ በኋላ በየረድፉ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት በእስፒል አያይዙና ረድፍ በረድፍ ሰብስቡ።

ስፌቱ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ቀጥታ መስመር መስፋት የሚችል ሰው ይሰራዋል። ለሸሚዝ 80 ቁጥር መርፌ፣ ለጂንስ 90 ወይም 100፣ ለቲሸርት ጫፉ ድብልብል የሆነው ለሚለጠጥ ጨርቅ የሚሸጠው። የስፌቱ ርዝመት 2.5 ሚሊሜትር ላይ ይሁን። ፊት ለፊት አድርጋችሁ መጀመሪያ አንዱን ረድፍ ጨርሱ፣ ከዛ ሌላውን፣ በመጨረሻ ረድፎቹን እርስ በርስ። እያንዳንዱን ስፌት ሳትተኩሱ ወደሚቀጥለው አትሂዱ፣ ይሄን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፣ በኋላ ላይ ጥጎቹ ሲዛነፉ ማሽኑን ይሰድባል። የመጀመሪያው ረድፍ ትርፍ ጨርቅ ወደ ቀኝ ከተተኮሰ የሁለተኛው ወደ ግራ ይሁን፣ ሲገናኙ አንዱ አንዱ ላይ ገጠም ይላል፣ አይቆለልም። ወፍራም ከሆነ ግን ከፍታችሁ ወዲህና ወዲያ ተኩሱት። ማሽን ከሌላችሁ በእጅም ይሆናል፣ ጥቃቅን አድርጋችሁ በየአራት አምስት ስፌቱ አንዴ ወደ ኋላ እየተመለሳችሁ፣ ወራት ይፈጃል፣ ለአንዳንዱ ሰው ደግሞ የሚፈለገው ያ ነው።

ፊቱ ካለቀ ሶስቱን መደራረብ ነው። ገበሩም ሙሊቱም ከፊቱ በየጎኑ ወደ 10 ሴንቲ ይብለጥ። ለገበር የራሱ የሰውየው አንሶላ ካለ በጣም ጥሩ፣ ሰፊ ነው ስፌት የለውም። ለሙሊት ስስ የኮተን ሙሊት፣ ከሌለም አሮጌ ስስ ብርድ ልብስ ይሆናል፣ ወፍራሙን ስፖንጅ መሳይ ነገር አትግዙ፣ ማሽን ስር አይገባም። ገበሩን ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ወጠር አድርጉና ጠርዙን በፕላስተር ወለሉ ላይ ለጥፉት፣ ሙሊቱን አንጥፉ፣ ከላይ የሰፋችሁትን፣ ከመሀል ወደ ውጪ በእጃችሁ እያሻሻችሁ አስተካክሉና በየ10 ሴንቲው መርፌ ቁልፍ ሰኩበት። ለዚህ ልክ ወደ 200 መርፌ ቁልፍ ነው፣ አዎ ጉልበት ይጨርሳል። እሱ ከሌላችሁ ረጃጅም አድርጋችሁ በእጅ ስፉትና በኋላ ታወጡታላችሁ።

ከዚህ በኋላ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሶስቱን አንድ ላይ በማሽን መስፋት ነው፣ በካሬዎቹ ስፌት ላይ እየሄዳችሁ፣ ሁሌ ከመሀል ጀምራችሁ ወደ ውጪ፣ ሶስቱንም ንጣፍ እኩል የሚጎትት የማሽን እግር ብትገዙ ይሻላል፣ ያለሱ ላይኛው እየተገፋ ይኮማተራል። ሁለተኛው መቋጠር ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ይሄን ምረጡ። ወፍራም የጥልፍ ክር ወስዳችሁ ከላይ ወደ ታች ሶስቱንም አሳልፉ፣ ግማሽ ሴንቲ አለፍ ብላችሁ መልሱ፣ ሁለቴ ጠበቅ አድርጋችሁ ቋጥሩ፣ ጫፉን 2 ሴንቲ አስቀርታችሁ ቁረጡ። በ20 ሴንቲው ካሬ በየካሬው ጥግና መሀል ላይ ብታደርጉት በየ14 ሴንቲው ገደማ ይወድቃል፣ በቂ ነው። ከልብሱ የወጡትን ቁልፎች ቋጠሮው ላይ መስፋትም ያምራል፣ ህጻን የሚተኛበት ከሆነ ግን ቁልፍ አይደረግም፣ ነቅሎ ይውጠዋል።

ጠርዙን ለመዝጋት በጣም ቀላሉ ገበሩን ራሱን ማጠፍ ነው። ሙሊቱን ከፊቱ ጋር እኩል ቁረጡ (ገበሩን አብራችሁ እንዳትቆርጡ ተጠንቀቁ)፣ ገበሩን 5 ሴንቲ አስበልጣችሁ ቁረጡት፣ ሁለቴ አጥፋችሁ ወደ ፊት አምጡና ስፉት፣ ጥጉ ላይ ፖስታ እንደምታጥፉ አጥፉት። አለዚያ ከተረፈው ሸሚዝ 6 ሴንቲ ወርድ ያለው ጥብጣብ እየቀጣጠላችሁ፣ ዙሪያው 560 ስለሆነ ወደ 6 ሜትር አድርሱት፣ ለሁለት አጥፋችሁ ከፊት በማሽን ከኋላ በእጅ። የአባቴን በዚህ ነው የጨረስኩት፣ አምስት የተለያየ ሸሚዝ ዙሪያውን ይታያል።

ከጀርባው ጥግ ላይ ጽሁፍ ስፉበት። የሰውየው ስም፣ የኖረበት አመት፣ ልብሶቹ የማን እንደነበሩ፣ ማን እንደሰፋው፣ መቼ። በጥልፍ ቢሆን ይመረጣል፣ ካልሆነ ለጨርቅ የተሰራ የማይለቅ እስክሪብቶ አለ። አሁን ሁሉም ያውቃል፣ ከሰላሳ አመት በኋላ የሚያገኘው ልጅ ግን አያውቅም።

ራሳችሁ ሳትሰፉ ለሰው የምትሰጡ ከሆነ ከመስጠታችሁ በፊት ልብሶቹን ቆጥራችሁ ፎቶ አንሱ፣ ትርፍራፊው እንዲመለስላችሁ በጽሁፍ ተስማሙ፣ ለእናንተ የእህታችሁ እጅጌ ነው፣ ለሰፊው ግን ቁራጭ ጨርቅ ነው፣ ጠርጎ ቢጥለው አይፈረድበትም።

ማጠብን በተመለከተ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በእጅ ወይም በማሽኑ በጣም ቀስ በሚለው፣ አትጭመቁት፣ ፎጣ ውስጥ ጠቅልላችሁ ተጫኑትና ውሃውን ያውጣ። እርጥብ እያለ ገመድ ላይ አትስቀሉት፣ ክብደቱ ስፌቱን ይጎትተዋል፣ ጠፍጣፋ ቦታ ጥላ ስር አንጥፉት። ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ጠርዝ ጠርዙን በጣታችሁ እየዳሰሳችሁ ሂዱ፣ የተከፈተ ስፌት የሚወጣው ያኔ ነው፣ የኔ ሁለት ቦታ ተከፍቶ ነበር፣ አንዱ የእስክሪብቶው ቀለም ያለበት ካሬ ላይ፣ እዛው ቁጭ ብዬ በእጄ መለስኩት።